ከበሬ ቀንድ እስከ ብልቃጥ፦ የከተማ መዓዛ በነፋስ ስልክ ላፍቶ

በሳሪስ፣ በጀሞና በመካኒሳ የመዋቢያ ዕቃ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ዓይነት ሽቶ በርክቷል። ጠርሙሱ ከበድ ያለ፣ ክዳኑ ወርቃማ፣ ጽሑፉ ዓረብኛ የተቀላቀለበት ነው። ሻጩ ቁራጭ ወረቀት ላይ ፊስ ያደርግና «ዑድ ነው፣ ግን ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል» ብሎ ያቀርባል። እውነቱን ነው። መጀመሪያ አፍንጫ ላይ የሚደርሰው ኮክ፣ እንጆሪ ወይም ማንጎ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ነው። ጥቂት ቆይቶ እሱ ይሳሳና ከሥሩ ጭስ የጠጣ እንጨት፣ ቆዳና ሙጫ የሚያስታውስ ጠንካራ መዓዛ ይወጣል። ሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ ከተማ ነው፤ ስለ ሌሊት መብራት፣ ስለ ፎቅ፣ ስለ ጥድፊያ ኑሮ።

ገዢው ይህን ከዱባይና ከሪያድ የመጣ አዲስ ፋሽን አድርጎ ይወስደዋል። የነገሩ ሥር ግን በጣም ይርቃል። ቀላልና ጣፋጭ ሽታ ቆዳ ላይ እንዲቆይ ከሥሩ የሚይዘው ከባድ ነገር ይፈልጋል። ሽቶ ቀማሚዎች ለዚህ ሥራ ለመቶዎች ዓመታት ሲፈልጉት ከኖሩት ነገር አንዱ ጥርኝ ከሚባለው አውሬ የሚገኘው ቅባት፣ ዝባድ ነው፤ የዝባድ ዋና ምንጭ ደግሞ ኢትዮጵያ ነበረች።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አፄ ፋሲለደስ ከጎንደር ወደ ሕንዱ የሙጋል ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ መልእክተኞች ላኩ። ከመልእክተኞቹ አንዱ ኮጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ሲሆን ሌላው ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ይዘውት የተነሡት ገጸ በረከት ባሪያዎች፣ ፈረሶች፣ የሜዳ አህያ፣ የዝሆን ጥርስና በዝባድ የተሞላ አንድ ግዙፍ የበሬ ቀንድ ነበር። በዚያን ጊዜ ዴልሂ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ በርኒዬ ቀንዱን ለክቶ የአፉ ስፋት ከግማሽ ጫማ እንደሚበልጥ ጽፏል። በርኒዬ የለካው ግን ባዶ ቀንድ ነው። መልእክተኞቹ ሱራት ወደብ ላይ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1664 የማራታው መሪ ሺቫጂ ከተማዋን ዘረፈ። ከዘረፋው ከተረፉት ጥቂት ነገሮች መካከል ቀንዱ አለ፤ ውስጡ ግን ዝባድ አልነበረበትም።

የጎንደር ቤተ መንግሥት በዓለም ላይ በሀብቱ ወደር ላልነበረው ንጉሥ ከሚልካቸው ነገሮች መካከል ሽታን መምረጡ ሊጤን ይገባዋል። ዝባድ በዚያ ዘመን ከዝሆን ጥርስና ከወርቅ ጎን የሚቆጠር ሸቀጥ ነበር።

እንዴት እንደሚመረትም የውጭ ሰዎች አይተው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1699 ቀዳማዊ አፄ ኢያሱን ለማከም ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ሻርል ፖንሴ እንፍራዝ ላይ የጥርኝ እርባታ ሥራ ማየቱን ይተርካል። በእሱ አነጋገር እስከ ሦስት መቶ ጥርኝ የሚያኖሩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ጥርኞቹ ጥሬ ሥጋና በወተት የተሠራ ገንፎ መሰል ምግብ ይቀለባሉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ቅባቱ ይፋቅና በበሬ ቀንድ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይደፈናል። ቀንዱ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሽታ አያስወጣም፣ በጭነት አጋሰስ ጀርባ ላይ አይሰበርም፣ የወራት ጉዞም ይችላል።

ጥርኝ ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ነጠብጣብና ሽንትር ያለው አውሬ ነው። ዝባዱ የሚገኘው ከጅራቱ ሥር ካለ ዕጢ ነው፤ ለእርባታ የሚያዘውም በአመዛኙ ወንዱ ነው። አርቢው እንስሳው መዞር እስከማይችልበት ድረስ ጠባብ በሆነ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ያኖረዋል፤ ጎጆው የሚቀመጥበት ቤት ደግሞ በእሳት እንዲሞቅ ይደረጋል። በየዘጠኝና በየአስር ቀኑ ገደማ ጅራቱን ከኋላ ይዞ ዕጢውን በቀንድ ማንኪያ ይፍቃል። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። አዲስ ሲወጣ ቢጫ ያዘለ ነጭ ቅባት ሲሆን ውሎ ሲያድር ይጠቁራል። ሽታው በንጹሑ አይቻልም፤ በጣም ሲቀጥን ግን አበባን ያለመልማል፣ ፍሬን ያጣፍጣል፣ ሁለቱንም ቆዳ ላይ ያቆያል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዝባዱ መገኛ ወደ ደቡብ ምዕራብ አደላ። ከከፋ፣ ከእናርያና ከጅማ የሚነሣው ቀንድ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ከዚያ የጀበርቲ ነጋዴዎች ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወይም ወደ ምጽዋ ያወርዱታል። ሌላው መስመር በሸዋ በኩል ወደ ሐረርና ወደ ዘይላ ይወርዳል። ግጥም መጻፍ ትቶ ሐረር የነገደው አርተር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ዝባድ ሲገዛና ሲልክ እንደነበር ከደብዳቤዎቹ ይታወቃል። ዛሬ ሐረር «የራምቦ ቤት» የሚጎበኝ ሰው ስለ ግጥሙ እንጂ ስለዚህ ንግዱ ብዙም አይሰማም።

የዝባድን ዕጣ የቀየረው ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ክሮኤሽያዊ ተወላጅ የስዊዝ ሳይንቲስት ሲቬቶን የሚባለውን የዝባድ ዋና ንጥረ ነገር አወቃቀር ፈታ፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱም ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ የዝባድን ሽታ በላቦራቶሪ መሥራት የጊዜ ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው ታዋቂው ሻኔል ቁጥር 5 ተፈጥሯዊ ዝባድ ይገባበት ነበር፤ ከ1998 ወዲህ በሠራሽ ተተክቷል። በዚያው ሰሞን የእንስሳት መብት ተሟጋቾች የኢትዮጵያ ጥርኞች የሚያዙበትን ሁኔታ ለዓለም አሳዩ፤ ብዙ የሽቶ ቤቶችም ከተፈጥሮ ዝባድ ራቁ። የተሟጋቾቹ ክስ ትክክል ነበር። ዱር ተይዞ የመጣ እንስሳ ዕድሜ ልኩን መዞሪያ በሌለው ጎጆ እንዲኖር ማድረግ በምንም መዓዛ ሊሸፈን አይችልም። የሚያሳዝነው ግን አርቢው ገበሬ ከዚያ ሁሉ ዘመን ንግድ ያገኘው ጥቂት፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ያጣው ብዙ መሆኑ ነው።

ዑድ የመጣው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ዛፉ በኢትዮጵያ አይበቅልም። ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ እስከ ቬትናምና ኢንዶኔዥያ ባሉ ደኖች የሚገኘው አኩይላሪያ የሚባል ዛፍ ሲቆስልና ሻጋታ ሲይዘው ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል። ያ ሙጫ የጠጣው እንጨት ነው ዑድ የሚባለው። ሁሉም ዛፍ አያፈራውም፤ ስለዚህ ዛፉ በገፍ ተቆረጠ። ዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ከዝርያዎቹ አንዱን እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሁሉንም ደግሞ በ2005 በቁጥጥር መዝገቡ ውስጥ አስገብቷል።

በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር መርከቦች ሰንደል፣ ቅርንፉድና ዑድ ወደ ምጽዋና ወደ ዘይላ ይመጡ ነበር። በሐረር፣ በወሎና በጅማ ሙስሊም ቤቶች ለመውሊድ፣ ለሠርግና ለዱዓ ከዕጣኑ ጎን ዑድና ሰንደል ፍም ላይ መጣል የተለመደ ሆነ። ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በካህኑ ጽና ውስጥ የሚያሸተው ዕጣን፣ ቤቱ ገብቶ ከቡናው ጋር የሚያጨሰው ዕጣን፣ ሙስሊሙ ለመንዙማው የሚያጨሰው ዕጣን አንድ ነው። የወሎ ሴቶች በአደስ ቅቤን ያሸቱታል፤ ወይባ ጢስ ገብተው ይወጣሉ። ይህ ሁሉ በጠርሙስ ያልገባ ሽቶ ነው፤ አዲስ አበባም ስትቆረቆር ከየአገሩ የመጣው ሰው ይዞት ገባ።

በአዲስ አበባ የታሸገ ሽቶ ንግድ የጀመረው በአራዳ ገበያ ዙሪያ ነው። የሕንዱ መሐመድ አሊ ኩባንያ፣ የአርመንና የግሪክ ሱቆች ከጨርቁና ከመስታወቱ ጋር ሽቶም አመጡ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ለገሃር ሲደርስ ዕቃው በረከተ፤ የየመን ሰዎችም በየሰፈሩ ገብተው «የዓረብ ቤት» የተባሉትን ሱቆች ከፈቱ። በእነዚያ ሱቆች ስኳርና ላምባ ከሚሸጥበት ባንኮኒ ላይ ጣት በምታህል ብልቃጥ ቅባት ሽቶ ይገኝ ነበር። አልኮል የሌለበት ቅባት መሆኑ ለሙስሊሙ ደንበኛ ተስማሚ አድርጎታል። ጣሊያኖች መሐመድ አሊን በ1929 ዓ.ም. ከአገር አስወጡ፤ የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ነጥለው ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ ወሰዱ። ሽቶውም አብሮ ሄደ። እስከ ዛሬ ዓርብ ዕለት አንዋር መስጊድ አካባቢ መፋቂያ፣ ሚስክና ዑድ በብልቃጥ የሚሸጡ ሰዎች የዚያ ንግድ ወራሾች ናቸው።

በደርግ ዘመን ከውጭ የሚገባ ሽቶ ብርቅ ሆነ። ከውጭ የመጣ ዘመድ የሚያመጣው አንድ ጠርሙስ ለበዓል ብቻ የሚወጣ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ ንብረት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የዱባይ መንገድ ተከፈተ። በዚያው ጊዜ የባሕረ ሰላጤው የሽቶ ቤቶች አድገው ነበር። ከመካከላቸው አጅማል የተባለው እ.ኤ.አ. በ1951 በሕንድ የተመሠረተ ሲሆን መሥራቹ የዑድ አገር ከሆነው ከአሳም የወጣ ሰው ነው። ምዕራባውያን ዑድን በሰፊው የያዙት ዘግይተው ነው፤ ኢቭ ሳን ሎራን እ.ኤ.አ. በ2002 ኤም 7ን፣ ቶም ፎርድ በ2007 ዑድ ዉድን አወጡ። ከዚያ በኋላ ዑድ የከተማ ወጣት ሽታ ሆነ፤ ክብደቱን ለማቅለል ፍራፍሬ ተጨመረበት። በርካሽ ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ዑድ ግን በአመዛኙ ከዛፍ የወጣ ሳይሆን በላቦራቶሪ የተሠራ ነው።

ፍራፍሬውስ? እዚህ ላይ የሽቶ ሥራ ለብዙ ሰው የማይታወቅ ገጽታ አለው። የብርቱካን፣ የሎሚና የትርንጎ ሽታ ልጣጩን በመጭመቅ ይገኛል፤ ዘይቱ ልጣጩ ላይ ባሉት ትናንሽ ከረጢቶች ውስጥ ስላለ ነው። ማንጎ፣ ኮክና እንጆሪ ግን ለሽቶ የሚበቃ ዘይት አይሰጡም። ሽታቸው በኬሚስቶች ተገጣጥሞ ይሠራል። ጌርላን የተባለው የፓሪስ ሽቶ ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው ሚትሱኮ ውስጥ የኮክ ሽታ ያለው ሠራሽ ንጥረ ነገር ከእንጨትና ከሙጫ መዓዛ ጋር ገብቷል፤ የዛሬዎቹ «ፍራፍሬ ፍራፍሬ» የሚሉ ከባድ ሽቶዎች የዚያ መንገድ ልጆች ናቸው።

ይህ ሁሉ ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል፣ መልሱ በክፍለ ከተማው ውስጥ ዞር ዞር በማለት ይገኛል። ስሙን ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ጣቢያ የወረሰው ይህ ደቡባዊ ዳርቻ ለረጅም ጊዜ የእርሻና የባሕር ዛፍ አገር ነበር። በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች ሲተከሉ፣ ጎተራ ላይ የእህል ማከማቻ ሲቆም ወደ ከተማነት ተጎተተ። ከዚያ በኋላ ጀሞ ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ ለቡ እና ሀና ማርያም በቤት ተሞሉ።

የከተማ ኑሮ ሽታ ምን እንደሆነ ለማወቅ ቅዳሜ ከሰዓት የጀሞን አንድ ብሎክ ደረጃ መውጣት ይበቃል። አንደኛ ፎቅ ላይ ሽንኩርት እየተቁላላ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ልብስ ታጥቦ የሳሙና ሽታ አለ፣ ሦስተኛው ላይ ቡና እየተቆላ ነው። አንዷ እናት በሩን ገርበብ አድርጋ ማጨሻው ላይ ፍም ታደርጋለች፣ ከፍሙ ላይ አመዱን በጥንቃቄ ታራግፋለች፣ ከዚያ ሁለት ፍሬ ዕጣን ትጥላለች። ዕጣኑ መጀመሪያ ይንተከተካል፤ በዚያች ቅጽበት የሚወጣው ሽታ ልጣጩ የተላጠ ብርቱካን ነው የሚመስለው። ጭሱ ሲወፍር ያ ይጠፋና ደረቁና መራራው ይቀራል። ጢሱ በደረጃው ወጥቶ የጎረቤቱን ቤት ሳይጠይቅ ይገባል፤ ጎረቤቱም ቡና እንደተፈላ በዚያው ያውቃል።

ያ የብርቱካን ሽታ ቅዠት አይደለም። በመተማ፣ በቋራ፣ በትግራይና በመተከል የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ከሶማሌው ወይም ከዓረቡ ዕጣን የሚለይበት ትልቁ ነገር ዘይቱ ነው። ከዘይቱ አብዛኛው ኦክታይል አሲቴት የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር በብርቱካን ዘይትም ውስጥ ይገኛል፤ ሽታውም ፍራፍሬያዊ ነው። እንግዲህ ፍሬና ሙጫን አጋብቶ የሚይዝ መዓዛ ለመሥራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዛፉ ራሱ አጋብቶ ይሰጣል። ሳሪስ ላይ ከዱባይ በመጣ ጠርሙስ የሚገዛው ነገር የቅርብ ዘመድ ጉሊት ላይ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ይሸጣል።

ፍራፍሬውም ቢሆን እዚሁ ነው። ለአሥርት ዓመታት ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጃን ሜዳ ግን የጥምቀት ሜዳ ነው፤ ታቦታቱ የሚያድሩበት፣ ወጣቱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ የሚወረውርበት ቦታ። በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው እንደገና ተነሥቶ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሥፍራ መጣ። አሁን የአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ፣ የአዋሽ ብርቱካን፣ የደቡብ አናናስና አቮካዶ ሌሊት በአይሱዙ ተጭኖ እዚያ ይራገፋል። ከመሸ በኋላ በአካባቢው የሚያልፍ ሰው መስኮቱን ዝቅ ካደረገ ገበያውን ሳያይ ያሸተዋል፤ የበሰለ ሙዝ፣ እርጥብ ካርቶን፣ የተጨፈለቀ አናናስና የናፍጣ ጢስ ተቀላቅሎ። ከትንሹ አቃቂ ወንዝ የሚመጣው ሽታ ግን ሌላ ነው፤ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የገባበት ወንዝ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ሲያልፍ ለመዓዛ ጽሑፍ የሚሆን ነገር የለውም። የከተማን ሽታ በሐቀኝነት የሚጽፍ ሰው ይህንንም መጻፍ አለበት።

ሽቶ ለመሥራት ከፍሬና ከሙጫ ሌላ የሚያስፈልገው ንጹሕ አልኮል ነው። ከጠርሙሱ ውስጥ አብዛኛው እሱ ነው። መካኒሳ ላይ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፍ አለ፤ ከስኳር ፋብሪካዎች ከሚወጣ ሞላሰስ አልኮል ማውጣት በአገሪቱ የቆየ ሥራ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ ከተማዋ የእጅ ማጽጃ ለመሥራት የዞረችው ወደዚሁ አልኮል ነበር። ለቡ ላይ ደግሞ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ አለ። ሙጫው፣ ፍሬው፣ አልኮሉና ወደ ባሕር የሚወስደው ሐዲድ በአንድ ክፍለ ከተማ ዙሪያ ተገናኝተዋል። ያልተገናኙት በጠርሙስ ውስጥ ብቻ ነው።

ዕጣኑ ከአገር የሚወጣው ዛሬም በአመዛኙ በጥሬው ነው። ክረምቱ ሲያበቃ ሠራተኛው በቆላው ሙቀት ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ቅርፊቱን በስለት ይገፋል፤ ሙጫው ጠብ ብሎ ሲደርቅ ይለቅማል፣ ቁስሉን ያድሳል፣ እንዲህ እያለ እስከሚቀጥለው ዝናብ ይቀጥላል። ጆንያው መጋዘን ሲደርስ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው በመጠንና በቀለም ይለያሉ፤ ነጩና ትልቁ አንደኛ ደረጃ፣ ቅርፊት የያዘውና ዱቄቱ መጨረሻ። ከዚያ ወደ ውጭ ይላካል፤ ዘይቱ በአመዛኙ የሚወጣው ሌላ አገር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ሜሞ ፓሪስ የተባለ የፈረንሳይ ሽቶ ቤት «ላሊበላ» የሚል ሽቶ አውጥቷል። ቦንድ ቁጥር 9 የሚባለው የኒው ዮርክ ቤት ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ለከተማው ሰፈሮች በስማቸው ሽቶ እየሠራ ገበያ አግኝቷል። ለጎፋ፣ ለቄራ ወይም ለሳሪስ እንዲህ ያለ ነገር ለመሥራት የሚጎድለው ጥሬ ዕቃ አይደለም።

መንግሥትም ጉዳዩን የሚያየው በወጪ በኩል ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከታገዱት 38 የሸቀጥ ዓይነቶች አንዱ ሽቶ ነበር። እገዳው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በወጣው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ እስኪነሣ ድረስ በዘለቀው ሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ሽቶ በሻንጣም ሆነ በሌላ መንገድ መግባቱን አላቋረጠም፤ ዋጋው ብቻ ናረ። ያ ጊዜ የአገር ውስጥ ሽቶ ለመቀመም የተመቸ ነበር። ብዙ አልተሠራበትም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ዛፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በሚባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የዚህን የዕጣን ዛፍ ደኖች በስፋት መርምሮ በአብዛኞቹ ውስጥ ወጣት ዛፍ እንደሌለ፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምክንያቶቹ የሚታወቁ ናቸው። ከብት ችግኙን ይበላዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል፣ እርሻ ይገፋዋል፣ ያለ ዕረፍት የሚቆስለው ትልቁ ዛፍ ደግሞ ተዳክሞ ለጥንዚዛ ይጋለጣል። በሰሊጥ እርሻ በተስፋፋው በመተማና በሁመራ መስመር ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። የዝባድን ገበያ ያዳከመው የላቦራቶሪ ውድድርና የእንስሳው ሥቃይ ነበር፤ ዕጣኑ ከጠፋ ግን ምክንያቱ ቸልተኝነት ይሆናል።

ስለዚህ የዕጣን ደን የያዙ ክልሎች ዛፉ ከቁስል የሚያርፍባቸውን ዓመታት በሕግ ይወስኑ፤ የተከለለውንም ከከብትና ከእሳት ይጠብቁ። አልኮሉን የሚያመርተው ፋብሪካ ለሽቶ የሚሆን ንጹሕ አልኮል ለአነስተኛ አምራቾች በሚቀመስ ዋጋ ያቅርብ። የጁስ ቤቶችና የኃይሌ ጋርመንት ነጋዴዎች የሚጥሉት የብርቱካን ልጣጭ ዘይት እንዳለው የሚያስተምር፣ ማጣሪያውንም የሚያሳይ የሙያ ማሠልጠኛ ይኑር። ሳሪስ ላይ የዑድ ጠርሙስ የሚያነሣ ወጣትም በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ፍሬ የመተማ ዕጣን ገዝቶ፣ ፍም ላይ ከመጣሉ በፊት በመዳፉ አሽቶ ያሽትተው።